ዝቅ ያለችው ሼቬል፣ ድራይቭ ሻፍቷና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ከዴንቨር የጻፉልኝ አንባቢ የ1968 ሞዴል ባለሁለት በር ሼቭሮሌት ሼቬላቸውን ከኋላ 2 ኢንች ዝቅ አድርገዋል፤ ባለሁለት ማርሹን ፓወርግላይድ ካምቢዮም በ700አር4 ለውጠዋል። አሁን ድራይቭ ሻፍቱን (ኃይልን ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚያደርሰውን ዘንግ) ሊያሠሩ ነውና ዝርዝሩን ትቼ ስንት ኢንች መሆን እንዳለበት ብቻ እንድነግራቸው ይጠይቃሉ።

ቁጥሩ የሚገኘው ከመኪናዎ ሥር እንጂ ከእኔ ዘንድ አይደለም፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ሳይወዱም ቢሆን ያንብቡልኝ። ብዙ ሰው መኪናው ዝቅ ስላለ ሻፍቱ በብዙ ማጠር ያለበት ይመስለዋል። ሂሳቡ ግን እንደዚያ አይልም፤ ለምሳሌ በ50 ኢንች ርቀት ላይ ወደ ኋላ 4 ኢንች ያዘቀዝቅ የነበረ ሻፍት አሁን 2 ኢንች ብቻ ቢያዘቀዝቅ፣ ርዝመቱ የሚቀንሰው በኢንች አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። ልኩን በእውነት የለወጠው ካምቢዮው ነው፤ 700አር4 ከፓወርግላይድ በ3 ኢንች ያህል ይረዝማልና።

መኪናን ዝቅ ማድረግ ይበልጥ የሚነካው የሻፍቱን አንግል ነው። በሼቬል ዲፈረንሻሉን የሚይዙት የላይና የታች ክንዶች እኩል ርዝመት ስለሌላቸው፣ አካሉ ዝቅ ሲል የዲፈረንሻሉ አፍንጫም አብሮ ይዞራል። እያንዳንዱ ክሮቸራ (በሻፍቱ ጫፍ ያለው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ቢሠራ መልካም ነው፤ የፊቱና የኋላው ካልተመጣጠኑ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ዜሮ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች አንድ ቦታ ቆመው ብረቱን ይቦረቡራሉ። ስለዚህ አስቀድመው አንግሉን ያስተካክሉ። ከዚያም መኪናው ክብደቱን በአራቱ ጎማዎች ላይ አሳርፎ እንደቆመ፣ በካምቢዮው ውስጥ የሚንሸራተተውን ዮክ (የሻፍቱን የፊት ማያያዣ) እስከ ጥግ አስገብተው ከሦስት አራተኛ እስከ 1 ኢንች ያህል መልሰው ይሳቡትና፣ ከፊተኛው ክሮቸራ መሐል እስከ ኋለኛው ክሮቸራ መሐል ይለኩ። አካሉ በክሪክ ተነሥቶ ዲፈረንሻሉ በተንጠለጠለበት የተወሰደ ልክ ዋጋ የለውም፤ እኔ በዚህ ስሕተት ለአንድ ሻፍት ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ።

አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ 1330 እና 1350 የተባሉት የክሮቸራ መጠኖች ስፋታቸው አንድ ስለሆነ ይቀያየሩ እንደሆነ ጠይቀዋል። ስፋታቸው በእርግጥ 3.625 ኢንች ነው፤ የካፓቸው (የጫፎቻቸው ኮፍያ) ዲያሜትር ግን 1.062 እና 1.188 ኢንች ስለሆነ አይቀያየሩም።

ዝቅ ያለች የ1969 ካማሮ ያላቸው ሌላ አንባቢ፣ አሉሚኒየም አይንቀጠቀጥም ስለተባሉ ባለ 4 ኢንች የአሉሚኒየም ሻፍት ቱቦ ሊያዙ ነው። አሉሚኒየም ይቀላል እንጂ፣ እንዳይታጠፍ ያለው ጥንካሬ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከብረት ብዙም ስለማይለይ፣ እኩል ውፍረትና ርዝመት ያላቸው ሁለቱ ቱቦዎች መርገብገብ የሚጀምሩበት ፍጥነት ተቀራራቢ ነው። ያን ፍጥነት የሚወስኑት ዲያሜትሩና ርዝመቱ ናቸው፤ ከ3 ወደ 3.5 ኢንች መወፈር 17 በመቶ ያህል ሲጨምር፣ ከ50 ወደ 55 ኢንች መርዘም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ባሌስትራው እስከ መጨረሻው ሲጫን ሻፍቱ ወደ ወለሉ ዋሻ ስለሚጠጋ፣ ከማዘዝዎ በፊት ክፍተቱን በዚያ ሁኔታ ይለኩ። ለእኔ 3.5 ኢንች በቂ ይመስለኛል።

ከአሌክሳንድሪያ የጻፉት ደግሞ ብየዳ የሚያውቅ ወዳጃቸው አሮጌውን ሻፍት በ80 ዶላር ቆርጦ ሊበይድላቸው ነው። እባክዎ አያስደርጉት። ዲፈረንሻልዎ 3.73፣ የጎማዎ ዲያሜትርም 26 ኢንች ከሆነ፣ በሰዓት 70 ማይል ሲሄዱ ያ ቱቦ በደቂቃ 3,370 ጊዜ ያህል ከመቀመጫዎ ሥር ይሽከረከራል። የፊተኛው ጫፍ ከተበጠሰ አስፋልት ላይ ተተክሎ መኪናውን ሊያነሣው ይችላል። ድራይቭ ሻፍት ብቻ የሚሠራና የማመጣጠኛ ማሽን ያለው ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት፤ ከፊተኛው ክሮቸራ በ6 ኢንች ርቀት ውስጥም ሻፍቱ ቢበጠስ እንዳይወድቅ የሚይዝ የመከላከያ ቀለበት ያስገጥሙ። ወዳጅዎ ቢቀየሙ በእኔ ያሳብቡ።

ማርሽ ሲገባ "ኳ" የሚል ድምፅ የሚሰሙት አንባቢ ምናልባት ክሮቸራቸው አልቆ ይሆናል፤ ለማንኛውም መካኒክ ያሳዩ።

ሻፍቱን ቀለም መቀባት ይቻል እንደሆነ ለጠየቁት፦ ይቻላል፤ ሲያጸዱት ግን የተበየዱትን ትንንሽ የማመጣጠኛ ብረቶች ፍቀው እንዳይጥሉ።