ሽጉጥህ የሚነክሰው ቱርክ ስለተሠራ አይደለም

ከአትላንታ አካባቢ አንድ ወንድማችን ጽፎልኛል። የመጀመሪያ ሽጉጡን፣ ቱርክ የተሠራ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር፣ ከሰው እጅ ገዝቷል። ተኩስ መለማመጃ ሬንጅ ወስዶ ሲተኩስበት በየካርታው (ጥይቱ ተደርድሮ በሚገባበት ማቀፊያ) ሁለት ሦስቴ ባዶው ቀለሃ በስላይዱ፣ ማለትም በላይኛው ተንሸራታች ብረት፣ መስኮት ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይነክስበታል፤ ሽጉጡ ተቀርቅሮ ይቆማል። የመጨረሻዋ ጥይት ከወጣች በኋላ ደግሞ ስላይዱ ወደ ኋላ ሄዶ መቆም ሲገባው ባዶውን ይዘጋል። ሻጩ «እንዳይራገጥ ጠንካራ ሞላ አስገብቼበታለሁ፣ ውስጡንም አስወልውዬዋለሁ» ብሎታል። የእሱ ጥያቄ «የቱርክ ዕቃ ስለሆነ ነው? ሸጬው ግሎክ ልግዛ?» የሚል ነው።

ወንድሜ፣ አትሽጠው። መጀመሪያ ያንን ሞላ አውጣው።

ከዚያ በፊት ግን ካርታውን አውጣ። ቀጥለህ ስላይዱን ስበህ ኋላ ላይ አቁመው። በርሜሉ ጥይት ጎርሶ እንደሆነ በዓይንህ እይ፣ በትንሿ ጣትህም ዳስስ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ካርታው ሳይወጣ ስላይዱን ብትስብ አንዷን ጥይት አውጥተህ ሌላዋን ታጎርሰዋለህ። ግሎክን ጨምሮ ብዙ ሽጉጦች ለመፈታት መጀመሪያ ምላጩን መሳብ ይጠይቃሉ፤ ሰው ሽጉጥ ሊያጸዳ ተቀምጦ ግድግዳ የሚበሳው፣ የከፋም አደጋ የሚደርሰው እዚህች ላይ ነው። የእኔን ምክር ሁሉ ብትረሳ ይህቺን አትርሳ።

ሞላውን የጠረጠርኩት በሁለቱ ምልክቶች ነው። ቀለሃ ቆሞ መንከሱ ብቻውን ብዙ ምክንያት ይኖረዋል። ስላይዱ መጨረሻ ላይ አለመቆሙ ሲጨመርበት ግን ስላይዱ እስከ ኋላ ድረስ እየሄደ አይደለም ብዬ እጠረጥራለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ፣ ይህን ማስረዳት እወዳለሁ። ስትተኩስ በርሜሉና ስላይዱ ተቆላልፈው አብረው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ጥይቱ ከአፈሙዙ እስኪወጣና ግፊቱ እስኪበርድ ድረስ መቆለፋቸው ግድ ነው፤ የዘጠኝ ሚሊ ሜትር ጥይት ግፊት በአሜሪካ መለኪያ እስከ 35,000 ፒኤስአይ ይደርሳልና። ከዚያ የበርሜሉ ኋላ ዝቅ ይልና ከስላይዱ ይላቀቃል። ስላይዱ ብቻውን ጉዞውን ይቀጥላል። ጎኑ ላይ ያለችው መንጠቆ ቀለሃውን ጎትታ ታወጣለች፣ ቀለሃው ከፍሬሙ (እጅህ ከያዘው የታችኛው አካል) ላይ ካለችው ብረት ጋር ይጋጭና በመስኮቱ ይወረወራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሞላው እየተጨመቀ ነው። ስላይዱ ጉልበቱን ሲጨርስ ሞላው ወደ ፊት ይመልሰዋል፣ በመንገዱ ላይም ከካርታው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ሞላው ከልክ በላይ ከጠነከረ ስላይዱ ሳይጨርስ ይመለሳል። ሞላው የከበደ የሱቅ በር ሰውየው ሳያልፍ እንደሚመታው ቀለሃውን በር ላይ ይይዘዋል። እጅህም እንዲሁ ያደርጋል። አንጓህን ካላጠነከርክ ፍሬሙ ከስላይዱ ጋር አብሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ስለዚህ ስላይዱ ሞላውን የሚጨምቅበት ጉልበት ይባክናል። ቀላል ሽጉጥ የያዘ ጀማሪ ላይ ይህ ዘወትር ይታያል።

የዚህ አሠራር መሠረቱ የአሜሪካዊው መሣሪያ ፈልሳፊ የጆን ብራውኒንግ ሥራ ነው፤ የአሜሪካ ጦር በ1911 የተቀበለው ሽጉጥ የእሱ ነው። ዛሬ ኦስትሪያም ቱርክም ብራዚልም የሚሠራው አብዛኛው ዘጠኝ ሚሊ ሜትር በዚሁ መንገድ ይቆለፋል፣ በዚሁ መንገድ ይላቀቃል። ፋብሪካው የሞላውን ጥንካሬ የሚመርጠው ከስላይዱ ክብደትና ከጥይቱ ጉልበት ጋር አመዛዝኖ ነው። አንዱ ተነስቶ ከኢንተርኔት በገዛው ርካሽ ሞላ ሲቀይረው ያ ሚዛን ይፈርሳል። እንዲህ ያለ «ማሻሻያ» የተደረገበት ሽጉጥ ወደ ጠረጴዛዬ ሲመጣ እናደዳለሁ።

«አስወልውዬዋለሁ» ያለው ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ጥይቱ ወደ በርሜል የሚንሸራተትበትን ተዳፋት በባትሪ ብርሃን እይልኝ። ፋብሪካ የሠራው መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙም ንጹሕ ነው። መሃሉ ጎድጎድ ብሎ እንደ መስታወት ካበራ በመሞረጃ ተበልቷል፤ ያንን መመለስ አይቻልም፣ በርሜል ነው የሚቀየረው።

አሁን ሥራው። የፋብሪካውን ሞላ ከአምራቹ ወይም ከአስመጪው እዘዝ፣ ውድ አይደለም። ሽጉጡን አጽዳ፣ ከመንጠቆዋ ሥር ያለውን ጥላሸት በጥርስ ብሩሽ አውጣ፣ ስላይዱ የሚሄድባቸው ሐዲዶች ላይ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ብቻ። ከዚያ ሬንጅ ላይ ካርታው ውስጥ አንዲት ጥይት ብቻ አድርገህ ተኩስ። ስላይዱ ኋላ ላይ ቆመ? ደጋግመው። በሁሉም ካርታዎች ሞክር፣ በማርከር ቁጥር ጻፍባቸው፣ አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የካርታው ነው። አሁንም ካልቆመ ልምድ ያለው ሰው ይተኩስበት። በእሱ እጅ ከሠራ ችግሩ አያያዝህ ነው። የፋብሪካ ጥይት ተጠቀም፣ ሰው ጋራዥ ውስጥ በእጁ የሠራውን አይደለም።

ስለ አገሩ ላንሳልህ። ሽጉጡን አገላብጠህ አንብበው። ከውጭ የገባ ከሆነ የተሠራበት አገርና የአስመጪው ስም ከነከተማው ብረቱ ላይ መቀረጽ አለበት፣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ቱርኮች በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ ሳምሱን፣ ጊሬሱንና ትራብዞን ውስጥ፣ ጥሩ ሽጉጥ ይሠራሉ። የሳምሱኑ ካኒክ ለዋጋው በጣም ደህና ነው። ቼኮች ኡኸርስኪ ብሮድ፣ ጣሊያኖች ጋርዶኔ፣ ክሮኤሺያዎች ካርሎቫትስ ላይ ይሠራሉ። የምትመኘው ግሎክ ኦስትሪያዊ ቢሆንም አንተው አጠገብ ስሚርና፣ ጆርጂያ ውስጥም ይሠራል። የብራዚሉ ታውረስም በ2019 ባይንብሪጅ፣ ጆርጂያ ገብቷል። የአገር ስም ብቻውን ምንም አይነግርህም። ካርታው በየሱቁ ይገኛል ወይ? ሞላና መንጠቆ ቢያልቅ ማን ይልክልሃል? እነዚህን ጠይቅ።

አንድ ቀን ሌላ የምትገዛ ከሆነ፣ ወይም የመጀመሪያውን የሚፈልግ ጓደኛ ካለህ፣ የኪስ ትንንሹን ተወው። መሃለኛ መጠን፣ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር፣ ምንም ያልተነካካ ይሁን። ፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አዲስ ሲገዙ የሚመልሷቸው ግሎክና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ጥሩ ዕድል ናቸው። ውጫቸው በማኅደሩ ተፈግፍጓል፣ ውስጣቸው ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው የተተኮሰበት። ከገንዘብህ ለመቆለፊያ ሣጥን፣ ለትርፍ ካርታና ለብዙ ጥይት አስቀር። ልጅ ያለበት ቤት ሣጥኑ ከሽጉጡ በፊት ይገዛ። ለራስህ ብቻ ግዛ፤ የሽጉጥ ገዢን የወንጀል ታሪክ ፍተሻ ለማያልፍ ሰው በስምህ መግዛት የፌዴራል ወንጀል ነው።

ሞላው ተመልሶ፣ ሙከራው ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከነከሰ መንጠቆዋ ወይም የራሷ ትንሽ ሞላ አልቃ ሊሆን ይችላል። በፋይል አትንካት። ለባለሙያ ውሰደው፣ ሻጩ ያስገባውን ሞላና የተኮስክበትን ጥይት ባዶ ካርቶን አብረህ ውሰድ። ከቤት ሳትወጣ ካርታው ይውጣ፣ ስላይዱ ይሳብ፣ በርሜሉ በጣት ይዳሰስ። ጥይቱን ቤት ተወው።