«ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» ለምትሉ ተማሪዎች

ውድ ተማሪዎች፣

ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ ስልኬ ዕረፍት የለውም። የሚደውሉልኝ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። የኮርስ ወይም የመመረቂያ አጭር ፊልም ቀርጸዋል፣ የማስረከቢያው ቀን ደርሷል፣ ኤዲተር ቸግሯቸዋል። ሃርድ ዲስካቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ አብረን እናያለን። አንዱ ጋ ንግግሩ አይሰማም። ሌላው ጋ የተዋናይዋ ፊት ጠቁሯል። «ይሄ እንዴት እንዲህ ሆኖ ታለፈ?» ስላቸው መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል ብለን ነው።»

ያስተካክላል የተባለው ሰው እንግዲህ እኔ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ምን እንደሚድንና ምን እንደማይድን ብነግራችሁ ሳይጠቅማችሁ አይቀርም። ኤዲተር የረዘመውን ያሳጥራል። የመጣበትን ቅደም ተከተል ይገለብጣል። ደካማ ትወናን በዝምታና በሙዚቃ ይሸፍናል። ያልተቀረጸውን ግን ከየትም አያመጣም። ስለዚህ ኤዲቲንግ መጀመር ያለበት ካሜራው ሳይከፈት፣ ገና ስክሪፕቱ ላይ ሳላችሁ ነው።

ከታሪኩ ልነሳ። የተማሪ ፊልም ብዙ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ይመኛል። 10 ደቂቃ ውስጥ ስደት፣ ክህደት፣ ሱስ፣ የእናት ሞትና ሰርግ ይታጨቃሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከእንቅልፉ ይባንናል፤ ለካ ሁሉም ሕልም ኖሯል። እባካችሁ ሕልሙን ተዉት።

እናንተ ከእኔም ከማንም በላይ የምታውቁት ሕይወት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ውጤቱ የሚወጣበትን ምሽት አስቡት። ዶርም ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች አሉ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ ስልኩ አንድ ነው። አንዱ አልፏል፣ አንዱ ወድቋል። በቃ። ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ምሽት። አዳራሽ አልተከራያችሁም፣ አምቡላንስ አልለመናችሁም። የእናንተ ታሪክ ይሄ ላይሆን ይችላል፤ ለጨዋታችን ግን እሱን እንያዝ።

ብዙዎቻችሁ ይሄን ታሪክ ስትጽፉ በር በማንኳኳት ትጀምራላችሁ። ልጁ ያንኳኳል፣ ይገባል፣ «እንዴት ዋልክ?»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አንተስ?» ይባባላሉ፣ ይቀመጣል፣ ሻይ ይቀዳል። እኛ ሀገር ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ያንን ሰላምታ መጨረሻ ላይ ቆርጬ የምጥለው ግን እኔው ነኝ። ግማሽ ቀን ደክማችሁ ከቀረጻችሁት በኋላ ከሚቆረጥ ወረቀቱ ላይ ይቆረጥ፤ እዚያ ምንም አያስወጣም። ሰላምታው ራሱ ነገር ካለው ግን ይቆይ። የወደቀው ልጅ ጥያቄውን ለማራቅ ሰላምታ ሲያበዛ፣ የጓደኛውን እናት፣ እህት፣ አጎት ደህንነት አንድ በአንድ ሲጠይቅ፣ ያኔ ሰላምታው ዋናው ትዕይንት ሆነ ማለት ነው።

ውጤቱ ሲታይ ካሜራው የት ነው ያለው? አብዛኛው ተማሪ የስልኩን ስክሪን በክሎዝ አፕ (በጣም ቀርቦ) ቀርጾ ያመጣልኛል። እኔ የምፈልገው ያለፈው ልጅ ፊት ነው፤ ደስታውን የት እንደሚደብቅ ሲጨንቀው ማየት እፈልጋለሁ። የሚናገረውን ሁሉም ይቀርጻል፤ የሚያዳምጠውን የሚቀርጽ ጥቂት ነው። ንግግሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንዱ ፊት ቅረጹ፣ ከዚያ እንደገና ሙሉውን በሌላኛው ፊት። ካሜራው በሁለቱ ሰዎች መካከል ካለው መስመር ከአንድ ወገን ብቻ ይሁን፤ አለበለዚያ ሳጋጥመው ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዩ ይመስላሉ። ተዋናዩ የመጨረሻ ቃሉን እንደተናገረ ደግሞ «ከት!» አትበሉ። አምስት ሰከንድ ታገሡ። የምፈልጋት እይታ፣ ትንፋሽ፣ አንገት መድፋት ብዙ ጊዜ የምትመጣው ከቃሉ በኋላ ነው።

ስለ ተዋንያን አንድ ነገር ልጨምር። ከግቢው የቲያትር ክበብ ነው የምታመጧቸው፣ ጥሩ ነው፣ ሥነ ሥርዓትም ያውቃሉ። ግን አዳራሽ ለምደዋል። ድምፃቸው የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሄዳል፣ ቅንድባቸውም አብሮ። የሚያናግሩት አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ብቻ መሆኑን ንገሯቸው፤ ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ይማር በነበረበት ዘመን ሀገር ቤት መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልሙን የቀረጸው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ጊዜው እንደ ፈረንጆች 1974፣ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነበር። የቀረጸውም ጥቁርና ነጭ 16 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ነው። አንድ ባለ 400 ጫማ የ16 ሚሊሜትር ጥቅል 11 ደቂቃ ገደማ ይቀርጽና ያልቃል። ጥቅሉ ገንዘብ ነው፣ ማጠቢያውም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ሰው ቁርጡን ያውቃል። የእናንተ ስልክ አያልቅም፤ ችግሩም እሱ ነው። ለ8 ደቂቃ ፊልም የስድስት ሰዓት ፉቴጅ የሚያመጡልኝ አሉ። ሁሉንም አይቼ ስጨርስ የምፈልጋት አንዲት ሾት የለችም። ቀረጻ ከመውጣታችሁ በፊት በየትዕይንቱ የምትፈልጉትን ሾት በወረቀት ጻፉ። ስትቀርጹ አንድ በአንድ ሰርዙ። ወረቀቱ ሳያልቅ ወደ ሌላ ትዕይንት አትሂዱ።

አሁን ወደ ድምፅ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወደ እኔ ከሚመጡት ፊልሞች ብዙዎቹ የሚሞቱት በድምፅ ነውና። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፤ እንዲያውም ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለዋል። የማይሰማ ንግግር ግን ሁለት ደቂቃ አይታገስም።

ካሜራው ላይ ያለው ማይክ ከሰውየው ይልቅ ክፍሉን ነው የሚሰማው። ካሜራው ሦስት ሜትር ከራቀ ማይኩም ሦስት ሜትር ራቀ ማለት ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ሁለተኛ ስልክ ውሰዱ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ ተዋናዩ የደረት ኪስ ውስጥ ወይም ከፍሬም ውጪ አፉ አጠገብ አስቀምጡት። አንገትጌ ላይ የሚሰካ ማይክ ካገኛችሁማ ተገላገላችሁ። ካሜራውም ስልኩም መቅዳት ከጀመሩ በኋላ ካሜራው ፊት አንዴ ጮክ አድርጋችሁ አጨብጭቡ። እኔ ምስሉንና ድምፁን የማገናኘው ያቺን ጭብጨባ ይዤ ነው። በየቴኩ፣ ማለትም ቀረጻ በጀመራችሁ ቁጥር፣ አጨብጭቡ፤ ጠዋት አንዴ አጨብጭቦ ቀኑን ሙሉ መቅዳት አይሠራም።

ሎኬሽን ልታዩ ስትሄዱ በዓይናችሁ ብቻ አትዩ። ቀረጻው በሚካሄድበት ሰዓት ሂዱና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትንሽ ተቀመጡ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ግንባታ አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚል የታክሲ ረዳት አለ። ሌሊት ጸጥ ይላል ካላችሁ ውሾቹን ረስታችኋል። ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያና አዛን አለ፤ ሰዓታቸውን አውቃችሁ ፕሮግራማችሁን በዚያ አስተካክሉ። ክረምት ላይ ከቀረጻችሁ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለውን ቤት አትምረጡ። ዝናቡ ሲወርድ ያ ቀን አለቀለት። ድምፅ የሚያጸዱ አዳዲስ ፕሮግራሞች መጥተዋል፣ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ፤ ግን ዝናቡን ሲያጠፉ የሰውየውንም ድምፅ አብረው ይልጡትና ሮቦት ያደርጉታል።

ፍሪጅ ካለ አጥፉት። የቤቱ ባለቤት ሥጋ እንዳይበላሽ ደግሞ የቤታችሁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ስትሄዱ መልሳችሁ ማብራታችሁን አትረሱም። ትዕይንቱ ሲያልቅ ሁሉም ባለበት ይቁምና የክፍሉን ጸጥታ አንድ ደቂቃ ቅዱልኝ። የየክፍሉ ጸጥታ ይለያያል። መሐል ላይ የገባ ሳል ስቆርጥ ቀዳዳው የሚሞላው በዚያው ክፍል ጸጥታ ነው፤ ከሌላ ቦታ ባመጣ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። አንድ ቃል እንዳልተሰማ ከጠረጠራችሁም ተዋናዩን እዚያው፣ ካሜራ ሳይኖር፣ ስልኩን አፉ አጠገብ ይዛችሁ ደግማችሁ አስብሉት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠርታችሁ ስቱዲዮ ብታስገቡት ያ ስሜት የለም።

ብርሃን ላይ አጠር ላድርግ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፣ ከፍታዋም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣና ዓይን በጥላ ተውጦ ጉድጓድ ይመስላል። የውጭ ትዕይንት ካላችሁ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ወዲህ ቅረጹ። መሐሉን ለቤት ውስጥ ተዉት። ሲመሽ ተጠንቀቁ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያላችሁ ብርሃን 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዚያ ድንግዝግዝ ብሎ ያልቃል።

አንድ የቴክኒክ ነገር ግን አልዘልም። የእኛ ሀገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሻተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርጉ። ብዙ ስልክ 30 ፍሬም ላይ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው፤ እንደዚያ ሆኖ አምፖል ሥር ሲቀርጽ ምስሉ ሊብለጨለጭ ወይም ጥቁር መስመር ሊንሸራተትበት ይችላል። የስልኩ የራሱ ካሜራ ሲቀርጽ ደግሞ የፍሬም ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ረዘም ያለ ቴክ ላይ ድምፁ ከአፍ ይለያያል። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባል ነጻ አፕ አለ፤ ፍሬሙን፣ ብርሃኑንና ቀለሙን ቆልፎ ይይዝላችኋል። ራሳችሁ ኤዲት ለማድረግ ከፈለጋችሁም (ብትሞክሩት ደስ ይለኛል) ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነጻ ቅጂ ለአጭር ፊልም ይበቃል።

ፈቃድ። ከትምህርት ክፍላችሁ ማህተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ አውጡ፣ ለወረዳውና ለአካባቢው ፖሊስ አሳውቁ፣ ኮፒውን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ዙሩ። ባንክ፣ ቤተ መንግሥት፣ የጦር ካምፕ አካባቢ ካሜራ አታንሱ። ኃይሌ ገሪማ «ቡሽ ማማ»ን ሎስ አንጀለስ ሲቀርጽ ፖሊስ የፊልም ቡድኑን አስቁሟቸው ነበር፤ ያ እውነተኛ ምስል የፊልሙ መክፈቻ ላይ አለ። ግሩም መክፈቻ ነው፣ ግን እናንተ እሱን አትሞክሩ። ምሳ አብሉ። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የጾም ምግብ መኖሩን አረጋግጡ። ሚሞሪውን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ኮፒው ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይኑር፣ ፋይሎቹም መከፈታቸውን እዩ፤ ኮፒ እየተደረገ መብራት ሲጠፋ ስሙ ብቻ የሚቀር ፋይል አለ። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ቦርሳ ውስጥ አይደሩ።

ርዝመትን በተመለከተ፣ የካን ፊልም ፌስቲቫል ለአጭር ፊልም ውድድሩ ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀበልም። ኦስካር እስከ 40 ደቂቃ አጭር ይለዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለመጀመሪያ ፊልም 8 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። የእኛ ዶርም ውስጥ ያሉ ልጆች ከዚያ በላይ የሚሉት ነገር የላቸውም።

ሙዚቃው ላይ ጠንከር እላለሁ። የምትወዱትን የቆየ ዘፈን ከዩቲዩብ አውርዳችሁ መለጠፍ ቀላል ነው። ግን በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሙዚቃው ባለመብቶች አሉ፣ ፌስቲቫሎችም የፈቃድ ወረቀቱን ይጠይቃሉ። ግቢያችሁ ውስጥ ክራር ወይም ጊታር የሚጫወት ልጅ አይጠፋም። እሱን ጠይቁት፣ አጭር ስምምነት በጽሑፍ ተፈራረሙ፣ ስሙን በትክክል ጻፉ። ካልተገኘ ያለ ሙዚቃ ተዉት። የዶርሙ ኮሪደር ላይ የሚሰማው የሌሎች ልጆች ጩኸትና ሳቅ ለዚያ ምሽት ከየትኛውም ዘፈን ይሻላል፤ እሱንም ቅዱልኝ።

የመጀመሪያው ቅጂ ሲያልቅ ለቡድናችሁ አታሳዩ። እነሱ የት እንደደከሙ ስለሚያውቁ ሁሉንም ይወዱታል። ስለ ፊልሙ ምንም የማያውቁ አምስት ስድስት ሰዎች ሰብስቡ፤ አንዷ የአንዳችሁ እናት ወይም አክስት ብትሆን በጣም ጥሩ ነው። ምንም ማብራሪያ ሳትሰጡ ክፈቱላቸው። እናንተ ከኋላ ተቀመጡና ስክሪኑን ትታችሁ ሰዎቹን እዩ። ሲያልቅ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ «ግሩም ነው ልጆቼ» ነው የሚሏችሁ። «ማን ነው ያለፈው? ማን ነው የወደቀው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልገባቸው ስክሪፕቱን ይዛችሁ ኑና እንነጋገር። ከገባቸው ደግሞ እያዩ ሳለ የመጀመሪያው ሰው ስልኩን ያወጣባትን ደቂቃ ጻፉ፤ ነገ ጠዋት መቁረጥ የምንጀምረው ከእሷ ነው።