ሴፕቴምበር 30 ላይ የቆመው ክሬዲት፦ የኤሌክትሪክ መኪና ጥያቄዎቻችሁ

የታክስ ወቅት ሲመጣ የዚህ ዓምድ ሳጥን ሁሌም ይሞላል። ዘንድሮ ግን ግማሹ ጥያቄ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። አይገርምም። በ2022 አሜሪካ ውስጥ በወጣው ሕግ ለአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና እስከ 7,500 ዶላር፣ ላገለገለ ደግሞ እስከ 4,000 ዶላር ፌዴራል ክሬዲት (ከሚከፈለው ታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ) ይሰጥ ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው አዲሱ ሕግ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በኋላ ለሚገዛ መኪና ይህን ሁሉ አቆመው። አሁን ሰዉ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። አንዱ "7,500 ይሰጣሉ አሉ" ብሎ ዛሬም ዲለር ጋ ይሄዳል። ሌላው "ቆሟል" የሚለውን ሰምቶ፣ በጊዜው ስለገዛ የሚገባውን ገንዘብ ሳይጠይቅ ሊያልፈው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ጥያቄ፦ ኡበር እነዳለሁ። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ሴፕቴምበር 27 ውሉን ፈርሜ 1,000 ዶላር ቀብድ ከፈልኩ። መኪናውን የተረከብኩት ግን ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ነው። ታክስ የሚሠራልኝ ልጅ "ቀኑ አልፏል፣ ምንም የለህም" አለኝ። እውነቱን ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጁ ቸኩሏል። ሕጉ የሚያየው መኪናውን የተረከብክበትን ቀን ብቻ አይደለም። አስገዳጅ የጽሑፍ ውል ፈርመህ፣ ትንሽም ብትሆን ክፍያ የፈጸምከው እስከ ሴፕቴምበር 30 ከሆነ፣ መኪናውን "አግኝተሃል" ተብሎ ይቆጠራል። ክፍያው ቀብድ ወይም በልውውጥ የሰጠኸው አሮጌ መኪና ሊሆን ይችላል። ክሬዲቱን የምትጠይቀው ደግሞ መኪናውን መንዳት በጀመርክበት ዓመት ነው፤ ያንተ ኦክቶበር 2025 ስለሆነ ዘንድሮ በምታስገባው የ2025 ታክስ ላይ ማለት ነው። ስለዚህ ቀኑ አላለፈብህም። ሌሎቹን ነገሮች እንይ።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ዲለሩ ሽያጩን በአይአርኤስ (በፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ መዝግቦ የሪፖርቱን ኮፒ ሊሰጥህ ይገባ ነበር። የመኪናው ቪን ቁጥር (መለያ ቁጥሩ) እና የክሬዲቱ መጠን እዚያ ላይ አለ። ከሌለህ ዛሬ ነገ ሳትል ሄደህ ጠይቅ፤ በቃል "አስገብተናል" ቢሉህ አትመለስ፣ ወረቀቱን በእጅህ ያዝ። ያ ሪፖርት አይአርኤስ ጋ ካልደረሰ ክሬዲቱ የሚጠየቅበትን ፎርም 8936 ብትሞላም ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ገቢ። ለአንድ ሰው ጣሪያው 150,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 300,000፣ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ነጠላ ደግሞ 225,000 ነው። የ2025 ወይም የ2024 ገቢህ፣ ከሁለቱ ዝቅተኛው ይታያል። የመኪናው ዋጋም ጣሪያ አለው፤ ለሴዳን 55,000፣ ለኤስዩቪ፣ ለቫንና ለፒክአፕ 80,000። የመጨረሻ መገጣጠሚያው ሰሜን አሜሪካ መሆን አለበት። ሁሉም ሞዴል ሙሉውን 7,500 አያገኝም። ግማሹ ከባትሪው ማዕድን፣ ግማሹ ከባትሪው አካላት አመጣጥ ጋር ስለተያያዘ 3,750 ብቻ የሚሰጣቸው ነበሩ።

አሁን ለኡበር ሾፌሮች ዋናው ነገር። ይሄ ክሬዲት ያለብህን የገቢ ታክስ ይቀንሳል እንጂ ጥሬ ገንዘብ አይልክልህም። እናንተ ደግሞ ለ2025 ለሥራ ለነዳችሁት በማይል 70 ሳንቲም ከገቢያችሁ ስትቀንሱ የተጣራ ገቢያችሁ በጣም ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ የምትከፍሉት የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻ ነው፣ ያንን ደግሞ ክሬዲቱ አይነካውም። የገቢ ታክስህ 2,100 ዶላር ቢሆን የምትጠቀመው ቢበዛ ያንኑ 2,100 ነው። የቀረውስ? ይሄ በአጠቃቀምህ ይወሰናል። መኪናውን ከግማሽ በላይ ለሥራ ከነዳኸው ክሬዲቱ እንደ ንግድ ክሬዲት በፎርም 3800 በኩል ይሄዳል፣ ያልተጠቀምክበትም ወደሚቀጥሉት ዓመታት ይተላለፋል። የግል መኪና ከሆነ ግን የተረፈው ይቃጠላል። ስለዚህ ማይልህን የመዘገብክበትን ደብተር ወይም አፕ ለልጁ አሳየው፤ "ምንም የለህም" ያለህ ሰው ይሄንንም እንዳይረሳብህ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሌሎች ሁለት ሦስት አንባቢዎችም ጠይቀውኛል። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በዋናነት ለግል የሚነዳ መኪና የገዛ ሰው ክሬዲቱን ለዲለሩ አስተላልፎ ዋጋው እዚያው እንዲቀነስለት ማድረግ ይችል ነበር። እንዲያ ያደረጋችሁ፣ ታክሳችሁ ከ7,500 ቢያንስም ልዩነቱን መልሱ አትባሉም። ገቢያችሁ ግን በሁለቱም ዓመት ከጣሪያው ካለፈ ሙሉውን ትመልሳላችሁ። በሁለቱም ሁኔታ ፎርም 8936 ማስገባት ግዴታ ነው። ዲለሩ ቀንሶልኛል፣ ጨርሻለሁ ብሎ ዝም ማለት ደብዳቤ ያስመጣል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ አሁን ልንገዛ ነው። ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት በሊዝ (በረጅም ጊዜ ኪራይ) ወስዳ 7,500 ተቀንሶላታል። ለእኛ ምን ቀረልን? (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከፌዴራል ምንም። የጓደኛሽ ጉዳይ በሌላ በር የገባ ነበር። በሊዝ ሲሆን የመኪናው ባለቤት የሊዝ ኩባንያው ስለሆነ፣ ለንግድ ተሽከርካሪ የሚሰጠውን ክሬዲት ኩባንያው ወስዶ ለእሷ ያካፍላታል፤ ያ መንገድ የገቢ ጣሪያም የመገጣጠሚያ ቦታም አይጠይቅም ነበር፣ ለዚህ ነው በዚያን ጊዜ ሁሉም ሊዝ ሊዝ ሲል የነበረው። እሱም በዚያው ሴፕቴምበር 30 ተዘግቷል።

ደስ የሚለው ኮሎራዶ መሆንሽ ነው። የስቴቱ ክሬዲት እንደ ድሮው ባይሆንም አለ። እስከ 2024 መጨረሻ 5,000 ነበር፣ በ2025 ወደ 3,500 ወረደ፣ በ2026 ደግሞ 750 ዶላር ነው። ግን የመኪናው የፋብሪካ ዋጋ ከ35,000 በታች ከሆነ ተጨማሪ 2,500 አለው። እንግዲህ አስቢው፤ የ34,000 እና የ37,000 ዶላር መኪና መሀል ስታመነቺ ልዩነቱ 3,000 ብቻ አይደለም። ቢያንስ ለሁለት ዓመት የተዋዋልሽው ሊዝም ይካተታል። እንደ ፌዴራሉ አይደለም፣ ታክስሽ ትንሽ ቢሆንም ትርፉ ይመለስልሻል፤ ወይም ዲለሩ እንዲወስደውና ከዋጋው እንዲቀንስልሽ መስማማት ትችያለሽ። ግን ዲለር ሁሉ አይስማማም፤ ደግሞ የተስማማውም ሙሉውን ለእናንተ ማስተላለፉን በውሉ ላይ በቁጥር ተጽፎ እዩ።

ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነና አሮጌ ቤንዚን መኪና ካላችሁ፣ አሮጌውን አስረክቦ አዲስ የሚያስገዛ የስቴት ፕሮግራምም አለ። ኖቬምበር 2025 ላይ ድጋፉ ለአዲስ 9,000፣ ላገለገለ 6,000 ዶላር ሆኗል። ሁሉም አመልካች አይደርሰውም፣ ማመልከቻውም የሚቀድመው ከግዢው ነው። ገዝታችሁ ስታበቁ ብታመለክቱ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሜሪላንድ 3,000 ዶላር ይሰጣል ሲሉ ሰማሁ። ተሻግሬ እዚያ ብገዛስ? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ጋሼ፣ አይሠራም። የስቴት ማበረታቻ የሚከተለው መኪናው የሚመዘገብበትን ቦታ እንጂ የሚሸጥበትን አይደለም። የሜሪላንዱ መኪና ሲመዘገብ ከሚከፈለው ታክስ ላይ የሚቀነስ ነው፤ እርስዎ የሚመዘግቡት ቨርጂኒያ ነው። ለዚያውም ገንዘቡ አልቋል። የሜሪላንድ ነዋሪዎችም ይሄንን ይስሙ፤ ሕጉ እስከ 2027 ቢልም ካዝናው ባዶ ነው። የቨርጂኒያው ደግሞ የባሰ ነው። በ2021 ምክር ቤቱ 2,500 ዶላር የሚመልስ ሕግ አጽድቆ ገንዘብ ሳይመድብለት ቀረ። ወረቀት ላይ ያለ ብር።

ጥያቄ፦ በባንክ ብድር አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። የብድሩ ወለድ አሁን በታክስ ሙሉ ይመለሳል ይባላል። እዚህ ዋሽንግተን ስቴትስ ሌላ ነገር አለ? (ከሲያትል)

መልስ፦ ሙሉ አይመለስም። አዲሱ ሕግ ከ2025 እስከ 2028 በዓመት እስከ 10,000 ዶላር የመኪና ብድር ወለድ ከገቢህ እንድትቀንስ ይፈቅዳል። ከገቢህ ነው፣ ከታክስህ አይደለም። በዓመት 2,600 ዶላር ወለድ ከፈልክ እንበል። የገቢ ታክስህ መጠን 22 ከመቶ ከሆነ የምታተርፈው 572 ዶላር ነው፤ 12 ከመቶ ከሆነ 312። መጥፎ አይደለም፣ ግን ለዚህ ብሎ ከፍተኛ ወለድ የሚፈርም ሰው ሒሳቡን አልሠራም ማለት ነው።

መስፈርቶቹ ቀላል ናቸው። መኪናው አዲስ፣ በዋናነት ለግል የሚነዳና የመጨረሻ መገጣጠሚያው አሜሪካ ውስጥ የሆነ (ሜክሲኮና ካናዳ አይቆጠሩም)፤ ብድሩ ከዲሴምበር 31 ቀን 2024 በኋላ የተወሰደ። ሊዝ አይገባም። ገቢህ ከ100,000፣ ለባልና ሚስት ከ200,000 ሲያልፍ እየቀነሰ ይሄዳል። ቪን ቁጥሩን ሼጁል 1-ኤ (ከታክስ ፎርምህ ጋር የሚያያዝ ቅጽ) ላይ ትጽፋለህ። ቤንዚን መኪናም ይጠቀማል፣ የኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም።

ዋሽንግተን ስቴት የገቢ ታክስ ስለሌለው ማበረታቻው በሽያጭ ታክስ በኩል ነበር። እሱም ጁላይ 31 ቀን 2025 አበቃ።

ጥያቄ፦ ባለፈው በጋ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ከአገር ልጅ በ14,000 ዶላር ገዛሁ። 4,000ውን ለምን ከለከሉኝ? (ከአትላንታ)

መልስ፦ ከግለሰብ ስለገዛህ። ያገለገለ መኪና ክሬዲት የሚሰጠው ፈቃድ ካለው ዲለር በ25,000 ወይም ከዚያ በታች ለገዛ ብቻ ነበር። ሻጩ ዘመድም ይሁን ባዳ ለውጥ የለውም። ጆርጂያ ደግሞ የራሷን 5,000 ዶላር ክሬዲት በ2015 አንስታ በምትኩ ዓመታዊ ክፍያ ነው የጣለችው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ቻርጀር ላስገጥም ነው። ለዚያስ ይሰጣሉ? (ከዳላስ)

መልስ፦ ይሰጣሉ፣ ግን ፍጠኚ። ከመሣሪያውና ከገጠማው ወጪ 30 ከመቶ፣ እስከ 1,000 ዶላር። 1,800 ካወጣሽ 540 ማለት ነው። ዋና መኖሪያሽ ላይ ተገጥሞ እስከ ጁን 30 ቀን 2026 ሥራ መጀመር አለበት፤ ገዝተሽ ካርቶኑ ውስጥ ቢቀመጥ አይቆጠርም። ሰው የሚሳሳትበት ደግሞ ሌላ ነው። ሁሉም ሰፈር አይገባም። ዝቅተኛ ገቢ ያለበት ወይም ከተማ ያልሆነ ተብሎ የተመደበ የሕዝብ ቆጠራ ክልል ውስጥ መሆን ግድ ነው፣ የክልሉም ቁጥር ፎርም 8911 ላይ ይሞላል። ዳላስ ውስጥ መንገድ ተሻግሮ ያለው ጎረቤትሽ አግኝቶ አንቺ ላታገኚ ትችያለሽ። ኤሌክትሪሺያኑን ከመቅጠርሽ በፊት አድራሻሽን በቆጠራ ካርታው ላይ አጣሪ።

ደግሞ ቴክሳስ ስለሆንሽ በጀትሽ ውስጥ ይሄንንም አስገቢ፤ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገብ ከመደበኛው ክፍያ ላይ 400 ዶላር ይጨመራል፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እድሳት 200።