ጎርጎራ ሁለት ቀን ያቆያል ወይ?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፈው ከጎንደር ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የእህቴ ልጆች ላንጋኖ ሄደው የተነሱትን ፎቶ ካዩ ወዲህ የእኔዎቹ «እኛስ መቼ ነው ባሕር የምናየው?» እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። ባለቤቴ ጣና ሐይቅ ዳር ያለችው ጎርጎራ እንሂድ ይላል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሄጃለሁ፤ ውሃ አየን፣ ዳቦ በላን፣ ተመለስን። እውነት ሁለት ቀን የሚያቆይ ነገር አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ፣ እንዲያውም ሁለት ቀን ያንሰዋል። ያኔ ያያችሁት ወደቡን ብቻ ነው። ብዙ የጎንደር ሰው እንደዚያ ደርሶ መልስ ስለሚሄድ «ውሃ ነው» ብሎ ይመለሳል፣ ይሄ ደግሞ በጣም ይቆጨኛል።

መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዘዞ ወጥታችሁ ወደ ቆላድባ ስትወርዱ ተራራው ከኋላ ይቀርና የደምቢያ ሜዳ ይዘረጋል፣ ጥቁር ዋልካ፣ ጤፍ፣ ሽምብራ። ለልጆቹ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ በጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው የቀሃ ውሃ ወርዶ ወርዶ በመገጭ በኩል እዚሁ ጣና ነው የሚገባው።

ጎርጎራ ስትደርሱ ሜዳው ያልቅና ጉብታው፣ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ዛፍ ለብሶ ውሃው ውስጥ የገባው መሬት ይጀምራል። ጣና ራሱ የተፈጠረው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ አለት የዓባይን መውጫ ስለዘጋው ነው። የመጀመሪያውን ቀን በእግር ዙሩበት። ደብረ ሲና ማርያም ግቡ፣ ሥዕሎቿን ሳትቸኩሉ እዩ። አመሻሽ ላይ ዳር ቁጭ በሉና ታንኳዎቹ ሲገቡ ተመልከቱ። የደንገል ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ ይከብዳል፤ ዓሣ አጥማጁ ጎትቶ ያወጣውና ዛፍ ላይ አስደግፎ ያቆመዋል፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ያድራል። ልጆቻችሁ ይህን አይረሱትም።

በሁለተኛው ቀን በጠዋት ጀልባ ተከራዩና ወደ ምዕራብ ሂዱ። እዚያ አሮጌው ጎርጎራ አለ፣ የአፄ ፋሲል አባት የአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ የኢየሱሳውያኑ (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ) የድንጋይና የኖራ ግንብ ፍርስራሽ። ከእነሱ አንዱ፣ ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ፣ ያረፈው ጎርጎራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1622፤ አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ 14 ዓመት በኋላ ነው። የፋሲል ግንብን እያየ ላደገ ልጅ ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት አላውቅም። በዚያው ደሴቶቹንም ታያላችሁ። ገዳም ለመግባት ካሰባችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሴት የማያስገቡ አሉ።

ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው። ክረምት ላይ ከዋናው መንገድ ከወጣችሁ ዋልካው መኪና ይይዛል። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም ያን ሰሞን ከተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ። የጀልባውን ዋጋ ሳትሳፈሩ ጨርሱ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለልጆቹ መኖሩን አይታችሁ ግቡ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበል አለ፣ ስለዚህ ከምሳ በፊት ተመለሱ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ላንጋኖ የዋኙትን አይተው ልጆቹ ውሃ ካልገባን ይሏችኋል። እዚህ እንቢ በሉ። ጣና ቢልሃርዚያ (ከውሃ በቆዳ የሚገባ የጥገኛ ትል በሽታ) አለበት፣ ጉማሬም አለ። ዳር ቆመው ድንጋይ ይወርውሩ፣ አሞራ ይቁጠሩ፣ ከዚያ ትኩስ የዓሣ ጥብስ አብሏቸው።