ለረጅም ርቀት ግልቢያ የትኛው የፈረስ ዘር ይሻላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ግልቢያ ለምደሻል፤ አሁን የረጅም ርቀት ውድድር ልትጀምሪ ነው። መጀመሪያ 80፣ ወደፊት ደግሞ 160 ኪሎ ሜትር አስበሻል። ክብደትሽ 75 ኪሎ ነው። «ሁሉም አረብ ግዢ ይለኛል፤ ግን ደንባራ ነው ሲባል ሰምቼ ፈራሁ» ብለሻል። እኔ በዚህ ስፖርት ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

አዎ፣ ፍለጋሽን ከአረብና ከአረብ ክልሶች ጀምሪ። ስትገዢ ግን የዘር ወረቀቱን ሳይሆን የዚያን ፈረስ የልብ ምትና እግር አይተሽ ወስኚ።

አረብ የሚመረጠው በስም ብቻ አይደለም። ጡንቻው ቶሎ የማይደክም ዓይነት ነው። ሰውነቱ ቀጠን ያለ፣ ቆዳውም ስስ ስለሆነ ሙቀት በቀላሉ ያወጣል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ረጅም መንገድ ላይ ፈረስን ከሚጥሉት ነገሮች አንዱ የሰውነት መጋል፣ በላብም ውሃና ጨው ማጣት ነው። በአሜሪካ በ1955 የተጀመረውን ቴቪስ ካፕ የሚባል የረጅም ርቀት ውድድር ተመልከቺ። ተራራ ለተራራ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከአሸናፊዎቹ አብዛኞቹ አረብ ወይም የአረብ ደም ያለባቸው ናቸው።

ኳርተር ሆርስ የሚባለው የአሜሪካ ዘር ጸባዩ ደስ ይላል፤ ግን ጉልበቱ ለአጭር ርቀት ፍጥነት ነው። ያ ወፍራም ጡንቻ ሙቀት ይይዛል። የእሽቅድምድም ዘሩ ቶሮብሬድ ጠንካራ ልብና ሳንባ አለው፤ ብዙዎቹ ግን ሰኮናቸው ስስ ነው። አካል ቴኬ የሚባለው የቱርክሜኒስታን ዘር ድንቅ ፈረስ ነው። በ1935 ከአሽጋባት ሞስኮ ድረስ በረሃ አቋርጠው በ84 ቀን የገቡት ፈረሶች ውስጥ አካል ቴኬዎች ነበሩ። ችግሩ እንደ ልብ አይገኝም። ሞርጋን የሚባለው የአሜሪካ ዘር ደግሞ የረጋና ጠንካራ ነው። ለአንቺ ብመርጥልሽ አረብ ከሞርጋን የተዳቀለ ክልስ አይቼ ነው ወደ ንጹሕ አረብ የምሄደው።

ድንብርናውን በተመለከተ፣ አረብ ንቁ ነው፤ ያየውን ሁሉ ያስተውላል። እህል በዝቶለት ሥራ ያነሰው፣ ቀኑን ሙሉ በረት ተዘግቶበት የሚውል ከሆነ የትኛውም ፈረስ ይደነብራል፤ አረብ ላይ ግን ቶሎ ይታያል። ስለዚህ ልትገዢው ያሰብሽውን ፈረስ ብቻውን ከጓደኞቹ አርቀሽ ጋልቢው። ከዚያ ሌሎች ፈረሶች ቀድመውት ሲያልፉ ምን እንደሚሆን እዪ። ልጓም እየጎተተ፣ እየተወራጨ የሚሄድ ፈረስ 80 ኪሎ ሜትሩ ሳያልቅ ራሱን ይጨርሳል።

አሁን ወደ ዋናው። ፈረስ አርፎ ሲቆም ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። በውድድር ላይ በየኬላው የእንስሳት ሐኪም ይጠብቅሻል፤ በአብዛኛው በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ምቱ ወደ 64 ካልወረደ ትወጫለሽ። እዚህ ቦታ የቀደመሽ ሁሉ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ልቡ ቶሎ የሚረጋ ፈረስ ያለው ሰው ጥሎት ይሄዳል! ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል በሶምሶማ ጋልቢው። ውረጂ፣ የኮርቻውን መቀነቻ አላልተሽ፣ በግራ በኩል ከክርኑ ኋላ ማዳመጫ አድርገሽ ቁጠሪ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ድገሚ። ሥራ ያልለመደ ፈረስ ትንሽ ቢዘገይ አይፈረድበትም። ለምዷል የተባለልሽ ግን ካልወረደለት ተይው፤ ምንም ያህል ቢያምር።

እግሩም እንደዚያው ነው። ፈረሶች ከውድድር የሚወጡበት ዋናው ምክንያት ማንከስ ነው። ሰኮናው ሰፋ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም ይሁን። ጠንካራ መሬት ላይ ቀጥ ባለ መስመር በሶምሶማ ያስኪዱልሽ፤ ከፊትም ከኋላም ቆመሽ እዪ። ጭንቅላቱ በየእርምጃው እኩል መውረዱን ተከታተይ።

ክብደትሽ ችግር አይደለም። ከኮርቻና ከዕቃ ጋር 85 ኪሎ ብንል፣ ጭነቱ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ አይለፍ በሚለው የተለመደ ልኬት 425 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ይበቃሻል። ትንንሾቹ አረቦች ግን ከ400 በታች ስለሚሆኑ አስመዝኚ። ቁመት አያታልልሽ፤ ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት ወፈር ማለቱን እዪ።

የሦስት ዓመት ውርንጭላ በርካሽ ቢያቀርቡልሽ እሺ አትበይ። አጥንቱም ጅማቱም ገና አልጠናም። የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ለ160 ኪሎ ሜትር ቢያንስ 8 ዓመት ይጠይቃል። ለጀማሪ ከ7 እስከ 12 ዓመት ያለውና መንገድ የለመደው ይመቻል።

ባዝራ (ሴት) ወይስ ሰንጋ (የተኮላሸ ወንድ) ላልሽው፣ ሁለቱም ይሆናሉ፤ የተሻለ ልብና እግር ያለውን ውሰጂ። ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ) ግን ለመጀመሪያ ፈረስ አልመክርሽም። ኬላው ላይ ባዝራዎች አጠገቡ ሲቆሙ ልቡን ማረጋጋት ከባድ ነው።