መልስ፦ ደመወዜ ትንሽ ነው፣ አሥራት ካልሞላሁ ኃጢአት ነው ወይ?

ወንድሜ፣ ሥራ ከጀመርክ ገና ሦስት ወርህ እንደሆነና ኪራይ ከፍለህ ብዙም እንደማይተርፍህ ጽፈሃል። መባ ሲሰበሰብ አንገትህን አትድፋ። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ምእመኑ እንደ አቅሙ እንዲረዳት ትጠይቃለች እንጂ አሥር በመቶ ብላ አልቆረጠችብህም።

እኔ ባሕር ዳር ነው የማስቀድሰው። አንድ እሑድ ከፊቴ የቆሙ እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈተው አንዲት የተጨማደደች አሥር ብር አወጡ፣ በመዳፋቸው አለሳልሰው አጣጠፏትና ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ከተቷት፣ ከቅዳሴ በኋላም ለባጃጅ ስላልተረፋቸው በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ሄዱ። ማርቆስ 12፥41-44 ላይ ከድህነቷ ያላትን ሁሉ የሰጠችው መበለት ትዝ አለችኝ። ጌታ ያየላት የሰጠችውን መጠን ሳይሆን ከምን ላይ እንደሰጠች ነው። ከትርፍ መስጠትማ ማንም ይሰጣል።

ደግሞ የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከታችን የተቋቋመው በ2007 ዓ.ም. ነው፣ ገና ልጅ ነው። እዚህ ጎጃም ውስጥ ካቶሊኮች ጥቂት ነን፣ ስለዚህ ቁምስናው፣ ማለትም አጥቢያችን፣ ከብርህ እኩል ጉልበትህንና ጊዜህን ይፈልጋል። የታመመ መጠየቅ፣ ሕፃናት ማስተማር፣ ወንበር ማስተካከል፣ ሁሉም መስጠት ነው። በዚህ ወር ሃያ ብር ከሆነች አቅምህ፣ ሃያዋን ደስ ብሎህ ስጥ። ባሕር ዳር ካለህ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢውን እናጸዳለን፣ መጥረጊያ አለ፣ ብቻ ና።