የካሜራ ማንገቻ በምን ይያያዝ? ጥያቄና መልስ

ባለፈው እሁድ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ አንድ ወጣት የሰርግ ፎቶ አንሺ ካሜራው ከነሌንሱ አስፋልት ላይ ወደቀበት። ማንገቻው አልተበጠሰም። የተከፈተችው ማንገቻውን ከካሜራው ጋር ያገናኘችው ትንሽ ቀለበት ናት። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ የሙያ ጓደኞች ይጠይቃሉ። በዚህ ሥራ 19 ዓመት ቆይቻለሁ። ስለዚህ የመጡልኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ማንገቻ ስንገዛ የምናየው ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ክፍል ነው። ስፋቱን፣ ልስላሴውን፣ ቀለሙን እናያለን። እኔ ካየኋቸው የወደቁ ካሜራዎች ግን አንዱም መሀሉ ላይ ተበጥሶ የወደቀ አልነበረም። ሁሉም የወደቁት ከመያያዣው ነው። ከታች "ጆሮ" ስል ከካሜራው ግራና ቀኝ ያሉትን የማንገቻ ማስገቢያዎች ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ካሜራዬ ከነማንገቻው ነው የመጣው። ሻጩ ራሱ አስገብቶ ሰጠኝ። በትክክል መግባቱን በምን አውቃለሁ? (ከኮዬ ፈጬ)

ጫፉን ተመልከት። ጫፉ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ከታየህ፣ ወይም ከዘለበቱ ያለፈው ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከሆነ ፍታውና እንደ አዲስ አስገባው።

አገባቡ እንዲህ ነው። ጫፉን በጆሮው አሳልፈው። መልሰህ ማንገቻው ላይ ባለችው ትንሿ መያዣ ቀለበት ውስጥ አስገባው። ዘለበቱ ጋ ስትደርስ፣ ዘለበቱ ውስጥ አስቀድሞ ካለው የማንገቻ ክፍል ሥር አድርገህ ሰካው። ያን ጊዜ ጫፉ በሁለቱ ንጣፎች መካከል ይቀበራል። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ክብደቱ ማንገቻውን ሲስበው ንጣፎቹ ጫፉን ጨፍልቀው ይይዙታል። ወደ ውጭ የቀረ ጫፍ ግን ልብስ እየነካው፣ ቦርሳ እየጎተተው ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተውለት።

ስትጨርስ አልጋ ላይ ቁጭ በልና ካሜራውን በአንድ እጅህ፣ ማንገቻውን በሌላው ይዘህ ጠንከር አድርገህ ሳብ። ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ። አዲስ ማንገቻ ባሰርኩ ቁጥር ይህን ሳላደርግ ከቤት አልወጣም።

ጥያቄ፦ የእኔ ሶኒ ጆሮው ላይ ሦስት ማዕዘን ቀለበት አለው። ላውጣው ወይስ ልተወው? (ከሰበታ)

ተይው እህቴ። ያቺ ቀለበት እንደ ቁልፍ መያዣ ቀለበት ሁለት ዙር የተጠቀለለች ሽቦ ናት። ማንገቻሽ ሰፊና ጠፍጣፋ ከሆነ የሦስት ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ጎን ተስተካክሎ እንዲያርፍ ያደርገዋል። አንዳንድ ካሜራ ላይ ከሥሯ የቆዳ ወይም የፕላስቲክ መከላከያ አለ፤ እሱም ይኑር። ብረት ከብረት ሲፋተግ ካሜራውን ይፍቃል፣ ከጊዜ በኋላ ጆሮውንም ይበላዋል።

ማየት ያለብሽ የሽቦው ሁለት ጫፎች መጋጠማቸውን ነው። በመሀላቸው ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ቀለበቷ ተከፍታለች። በፒንሳ ጨፍልቄ እመልሳታለሁ አትበይ። አንዴ የተለጠጠ ሽቦ የመጀመሪያ ጉልበቱ አይመለስለትም። ለውጪያት። እሁድ የወደቀው ካሜራ የገጠመው ይኸው ነው። ልጁ ቀለበቷን ሲያስገባ በካቻቢቴ ከመጠን በላይ ከፍቷት ነበር።

ጥያቄ፦ ከሥር በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ቀዳዳ የሚታሰረው በጎን የሚወርድ ማንገቻ ምቾቱ ሌላ ነው። እውነት አደገኛ ነው? (ብዙ ሰው የጠየቀው)

በዚህ ላይ ልቆይ፤ እኔንም ስላገኘኝ።

በ2008 ዓ.ም. ሱሉልታ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ካሜራው ወገቤ ላይ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሏል። ሙሽሮቹን ተከትዬ ስሮጥ ወገቤ ቀለለኝ። ዞር ስል ካሜራው ድንጋይ ላይ ነው። ብሎኑ አልተሰበረም። ጠዋት አጥብቄው የወጣሁት ብሎን በእግር ጉዞ ብቻ ተፈትቶ ወጣ። የሌንሱ መግጠሚያ ተጣመመ። የሰዎቹን የቀረ ቀን በአንድ ካሜራና በአንድ አጭር ሌንስ ጨረስኩት። ያመለጠኝ የሙሽራዋ እናት ምርቃት እስካሁን ይቆጨኛል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የትራይፖድ ቀዳዳ በሁሉም ካሜራ ላይ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ነው፤ ስፋቱ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ በኢንች 20። አንድ ሙሉ ዙር ብሎኑን 1.27 ሚሊ ሜትር ብቻ ያስገባዋል። ወደ ካሜራው የሚገባው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሦስት አራት ዙር ከዞረ አለቀ። ስትራመድ ደግሞ ካሜራው እንደ ደወል ምላስ ይወዛወዛል፣ ይሽከረከራል። እያንዳንዱ መወዛወዝ ብሎኑን በጥቂቱ ሊፈታው ይችላል። ቀዳዳው የተሠራው ካሜራን ትራይፖድ ላይ አቁሞ ለመያዝ ነው። ቀኑን ሙሉ ተዘቅዝቆ እንዲወዛወዝበት አልታሰበም።

አትጠቀሙ አልልም፤ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ነገር አልተውም።

መጀመሪያ፣ በብሎኑና በካሜራው መካከል የጎማ ሮንዴላ ይኖራል። አብሮ ይመጣል። ከጠፋ ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ከአሮጌ ካላማዳሪ ማስቆረጥ ነው። ጎማው ተጨፍልቆ መልሶ ስለሚገፋ ብሎኑ በቀላሉ አይዞርም። ብረት በብረት ላይ ግን ትንሽ ከላላ ዝም ብሎ ይሮጣል።

ሁለተኛ፣ ሁለተኛ ገመድ። ከካሜራው ጆሮ ተነስቶ ማንገቻው ላይ የሚታሰር ጠንካራ አጭር ገመድ ማለቴ ነው። ብሎኑ ቢወጣ ካሜራው ጆሮው ላይ ይንጠለጠላል እንጂ መሬት አይደርስም። ገመዱ አጭር ይሁን። ለምን መሰላችሁ? ካነን 5ዲ ማርክ 4 ከነባትሪውና ካርዱ 890 ግራም ነው። ባለ 70-200 ሁለተኛው ማርክ ሌንስ፣ ኤፍ 2.8ቱ፣ 1490 ግራም ነው። ድምሩ ወደ 2.4 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ክብደት ግማሽ ሜትር ወድቆ ገመዱ በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢገታው፣ ገመዱ ላይ የሚያርፈው ጫና በአማካይ 11 እጥፍ ነው። ወደ 26 ኪሎ ማለት ነው። ገመዱ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ላላ ካለ ግን ሁለት እጥፍ ያህል ቢሆን ነው።

ሦስተኛ፣ ረጅም ሌንስ የራሱ እግር ካለው ብሎኑን እዚያ ላይ እሰሩ። ከባዱ ሌንሱ ነው። ከካሜራው ሥር ካሰራችሁት የሌንሱ ክብደት ሁሉ መግጠሚያው ላይ ያርፋል።

ከዚያ በጣት መንካት ነው። እኔ ባትሪ በቀየርኩ ቁጥር ብሎኑን በጣቴ እፈትሻለሁ። ከባትሪ ጋር ስላያያዝኩት አልረሳውም።

ጥያቄ፦ ብሎኑ ላይ ማጣበቂያ ባደርግስ? (ከለገጣፎ)

ካሜራው ቀዳዳ ውስጥ አታድርግ። ሰማያዊው ሎክታይት (የብሎን ማጣበቂያ) በተራ መፍቻ ይፈታል። ቀዩ ግን ሙቀት ይፈልጋል፤ ካሜራህን ደግሞ በእሳት አታሞቅም። ሰማያዊውም ቢሆን አንዳንድ ፕላስቲክ ይጎዳል። የጎማው ሮንዴላና ሁለተኛው ገመድ ይበቁሃል።

ጥያቄ፦ ፒክ ዲዛይን የሚባሉት ክብ ቁልፍ ያላቸው ገመዶች እንዴት ናቸው? መርካቶ ተመሳሳያቸው በርካሽ ይሸጣል። (ከቡራዩ)

ዋናው ጥሩ ነው። አምራቹ ከ90 ኪሎ በላይ ይይዛል ይላል። እኔ ይበልጥ የምወድለት ግን ገመዱ ሲያልቅ መናገሩን ነው። ጥቁሩ ሲበላ ከሥሩ ሌላ ቀለም ብቅ ይላል። ቀለም ካየሽ ያን ዕለት ትለውጫለሽ። ተመሳሳዩ ይህን ላያሳይሽ ይችላል። ርካሹን ገዝተሽ ከሆነ ለትንሽ ካሜራ ተጠቀሚበት፣ በየወሩም ገመዱን በጥፍርሽ ዳሺው።

አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ቀጭን ገመድ ከማሰርሽ በፊት ትንሽ ጥጥ በጆሮው ውስጥ አሳልፊ። ጥጡ ከተያዘ ጠርዙ ስለት አለው ማለት ነው። ያ ስለት ገመዱን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። እንዲህ ዓይነት ጆሮ ላይ መጀመሪያ የብረት ቀለበት፣ ከዚያ ገመዱ።

ጥያቄ፦ የቁልፍ መንጠቆ ብጠቀምስ? (ከኮዬ ፈጬ)

አይሆንም። በጣት ሲጫኑት የሚከፈት መንጠቆ ቀበቶ ሲጫነውም ይከፈታል። መንጠቆ ካስፈለገህ በሩ በጥርስ የሚቆለፈውን የተራራ መውጫ ዓይነት ፈልግ። ጎኑ ላይ የሚሸከመው ክብደት በኪሎ ኒውተን ይጻፋል፤ አንዱ 102 ኪሎ ያህል ነው። ምንም ያልተጻፈበትን ተወው።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ጎበዝ ጫማ ሰፊ አለ። የቆዳ ማንገቻ ላሠራ አስቤ ነበር። ያዛልቃል ወይ? (ከሰበታ፣ አንድ አባት)

በደንብ ያዛልቃል ጋሼ። የእኔም አንዱ እዚሁ ሰፈር የተሰፋ ነው፤ ስምንት ዓመት አገልግሎኛል። ሲያሠሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ሲለጠጥ የማይረዝም ቆዳ ይምረጡ። ጫፉ ታጥፎ የሚያያዝበት ቦታ ሰም በተቀባ ክር በእጅ ይሰፋ። አራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሀሉ ላይ ኤክስ ይደረግበት። በአንድ ሪቬት ብቻ እንዲያያዝ አይፍቀዱ። ሪቬቷ ቀዳዳዋን እያሰፋች ትወጣለች። በዓመት አንዴ ሁለቴ የቆዳ ቅባት ይቀቡት። ክረምት በዝናብ ከራሰ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ወይም ከሰል ምድጃ አጠገብ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ጥምቀት ላይ ስሠራ ማንገቻዬ በጠበል ራሰ። ችግር አለው? (ከለገጣፎ)

ናይለን ሲረጥብ ትንሽ ይደክማል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ናይለንን ለዘለቄታው የሚጎዳው ፀሐይ ነው። መኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚውል ማንገቻ ቀለሙ ከገረጣ፣ ጠርዙም ከሻከረ ቀይረው። የብረት ቀለበቶቹን ግን በጨርቅ አድርቅ፤ ይዝጋሉ።

ጥያቄ፦ በሞተር ነው ከሥራ ሥራ የምሄደው። ካሜራውን አንገቴ ላይ ልያዘው?

በፍጹም። ብትወድቅ ማንገቻው አንገትህን ያንቃል፣ ካሜራው ደረትህን ይመታል። ቦርሳ ውስጥ ክተተው። የሞተር ንዝረት ደግሞ ብሎን ይፈታል። ስትደርስ ካሜራውን ከማንሳትህ በፊት እሱን አጥብቅ።

ጥያቄ፦ የካሜራዬ ጆሮ ራሱ ላልቷል። በሱፐር ግሉ ላጣብቀው?

አታጣብቀው። ጆሮው ከውስጥ በብሎን የታሰረ ሊሆን ስለሚችል ጠጋኝ ከፍቶ ያጠብቀው። ማጣበቂያ ከነካው ሥራውን ታከብድበታለህ። እስከዚያ በእጅ መያዣ ተጠቀም፤ እሱንም በደኅናው ጆሮ ላይ እሰረው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እሁድ ካሜራው የወደቀብኝ እኔ ነኝ። ይሠራል፣ ያበራል። ሌላ ምን ልይ?

እንኳን አንተ ደህና ሆንክ ወንድሜ። መጀመሪያ ሌንሱን ይዘህ ቀስ አድርገህ ነቅንቀው። መግጠሚያው ላይ ከተወዛወዘ ወይም ሲገባ ሲወጣ ካስቸገረ ለጠጋኝ ሳታሳይ አትሥራበት። ከዚያ ካሜራውን በትራይፖድ አቁምና ጡብ ያለበት ግድግዳ ፊት ለፊት አንሳ፤ የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ሙሉ በሙሉ ከፍተህ። የምስሉ አንድ ጎን ጠርቶ ሌላው ከደበዘዘ የሌንሱ ውስጥ ተዛብቷል። ሁለቱን ጆሮዎችም ሳባቸው። የወደቀው በአንዱ በኩል ተንጠልጥሎ ከሆነ የቀረው ጆሮ ሸክሙን ሁሉ ተቀብሏል።

የተከፈተችውን ቀለበት አትጣላት። ቅዳሜ ከሰዓት ይዘሃት ና። አዲሷን አብረን እናስገባለን። በካቻቢቴ ሳይሆን በሳንቲም ጠርዝ እንዴት እንደምትከፈትም አሳይሃለሁ።